ክርክር፦ ኩቤዝ 5 ዛሬም ለስቱዲዮ ይበቃል ወይስ ጊዜው አልፏል?

የገርጂው አቀናባሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከስቱዲዮው ባለቤት ጋር አልተግባባንም፣ እናንተ ፍረዱን። የምንሠራው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው፣ ኩቤዝ 5 በሚባለው የሙዚቃ መቅጃና ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው፤ 32 ቢቱ፣ ዊንዶውስ 7 ላይ፣ ኢንተርኔት ነክቶት በማያውቅ ኮምፒውተር። እሱ «ይቀየር፣ ደንበኛ ስክሪኑን አይቶ ይስቅብናል» ይላል። እኔ ደግሞ ሥራ አልቆመብኝም ባይ ነኝ። ድምፅ እቀዳለሁ፣ አቀናብራለሁ፣ ሚክስ አድርጌ አስረክባለሁ። የድምፃዊውን ቃና የማስተካክልበት ቫሪ ኦዲዮ እንኳ መጀመሪያ የመጣው በዚሁ ቨርዥን ነው። ምን ጎደለኝ?

ሚክስ ከሜሪላንድ፦ ወንድሜ፣ ላንተ ባይጎድል ለእኔ ይጎድላል። ከአዲስ አበባ የሚላክልኝን ፕሮጀክት ስከፍት ግማሹ ፕለጊን (ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመረው መሣሪያና ኢፌክት) የለም ይለኛል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የማክ ሲስተም፣ ከካታሊና ጀምሮ 32 ቢት የሆነን ነገር ሁሉ ዘግቶታል። የኩቤዝ ሠሪው ስታይንበርግም ራሱ ያመጣውን የፕለጊን ዓይነት፣ ቪኤስቲ 2ን፣ እንደሚተው በ2022 አስታውቋል። ደግሞ የድምፅ ጥራቱስ? የ32 ቢት ሚክስና የ64 ቢት ሚክስ እኩል ነው እንዳትሉኝ።

ኪቦርዲስቱ፦ እዚህ ጋ ቆም በል፣ ሁለት የተለያዩ 32ቶችን እያደባለቅክ ነው። ፕሮግራሙ 32 ቢት ሲሆን የሚያንሰው ራም የመጠቀም አቅሙ ነው፤ ቢበዛ 4 ጊጋ፣ ብዙ ጊዜ ግን 2 ጊጋ ላይ ይቆማል። ትራኮቹ የሚደመሩበት የስሌት ዓይነት፣ 32 ቢት ፍሎት፣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ለጆሮ ከበቂ በላይ ነው። ኩቤዝ 64 ቢት ፍሎት ያስገባው በ2017፣ 9.5 ላይ ነው። ከዚያ በፊት የወጣው አልበም ሁሉ ጥራት አልነበረውም ልትለን ነው?

ሚክስ ከሜሪላንድ፦ ራሙስ ታዲያ? ዛሬ አንድ የቫዮሊን ላይብረሪ (የተቀዱ ድምፆች ስብስብ) ብቻውን ስንት ጊጋ ይበላል!

የገርጂው አቀናባሪ፦ ፍሪዝ አደርገዋለሁ። ትራኩ ወደ ድምፅ ይቀየርና ራሙን ይለቅልኛል። አንዲት ኖታ ላስተካክል ስል እንደገና ፈትቼ፣ እስኪጭን ጠብቄ፣ መልሼ ፍሪዝ ማድረግ አለብኝ። ድምፃዊው አጠገቤ ቁጭ ብሎ «እስቲ የቫዮሊኑን ኖታ ትንሽ ዝቅ፣ አይ ይመለስ» ሲል ያስመርራል። ግን ሥራው ያልቃል።

ክራረኛዋ፦ ስለ ጊጋ ስትከራከሩ የእኔን ጉዳይ የሚያነሳ ጠፋ። አንቺሆዬ ስጫወት ኪቦርዱ ከክራሬ ጋር ይጣላል። የእኔ ቅኝት ከፒያኖው ቁልፎች ጋር አይገጥምማ! አቀናባሪው ምን ይለኛል? «ክራርሽን ወደ ኪቦርዱ አምጪው።» ለምን? እዚያው ኩቤዝ 5 ውስጥ፣ የሚዲ (የኖታ ትእዛዝ) ኢንሰርት ላይ፣ ማይክሮ ቲዩነር የሚባል አለ። 12ቱን ድምፆች አንድ በአንድ በሴንት (የግማሽ ድምፅ መቶኛ) ከፍ ዝቅ ያደርግላችኋል። ስንቶቻችሁ ከፍታችሁት ታውቃላችሁ? አዲስ ግዙ ከማለታችሁ በፊት የያዛችሁትን እዩት።

ኪቦርዲስቱ፦ አበጀሽ እህቴ። ለሌሎቻችሁ ግን፣ ማይክሮ ቲዩነር ከሚቀበሉት የቪኤስቲ መሣሪያዎች (ኮምፒውተሩ ውስጥ ካሉት) ጋር ነው የሚሠራው፤ ከውጭ በኬብል የሰካችሁት ኪቦርድ ሁሉ አይታዘዝለትም።

ጋሽ ባለካሴት፦ ልጆች፣ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ያ ኮምፒውተር ነገ ቢቃጠል የዓመታት ሥራህ የት ነው ያለው? ሎጂክ የሚባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም በዊንዶውስ ይሠሩበት የነበሩ ሰዎች አፕል እ.ኤ.አ. በ2002 ሠሪውን ኢማጂክን ሲገዛው መንገድ ላይ ቀሩ። ጊብሰን በኖቬምበር 2017 ሶናር የሚባለውን ፕሮግራም የሚሠራውን ኬክዎክን አቆምኩ አለ፤ በማግሥቱ ዓመት ባንድላብ ገዝቶ ባያነሳው ሶናርም እዚያው ቀርቶ ነበር።

የገርጂው አቀናባሪ፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ እኔን ነው የሚደግፈው። አዲሱም ነገ ሊዘጋ ይችላል እያሉ ነው።

ጋሽ ባለካሴት፦ ማንንም አልደገፍኩም። ሥራ ባለቀ ቁጥር እያንዳንዱን ትራክ ከመጀመሪያዋ ባር ጀምረህ በዋቭ (በድምፅ ፋይል) አውጣው፤ ኩቤዝ 5 ቻናሎቹን ባንዴ ያወጣልሃል። የፋይሉ ስም ላይ ቴምፖውን ጻፍበት። ያን ጊዜ ሜሪላንድ ያለው ልጅም አያለቅስም፣ አንተም አትጨነቅም።

ሚክስ ከሜሪላንድ፦ ጋሼ ያሉት ከተደረገ ለሚክስ አቤቱታ የለኝም። ለቅንብር ግን አይበቃም። ዋቭ ከደረሰኝ በኋላ «ሁለተኛው አዝማች ላይ ቤዙ ይቀየር» ሲባል ሚዲው እኔ ጋ የለም። አዳዲሶቹ ያላቸውስ? ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የሚባለው ፕሮግራምም ሎጂክም አሁን ካለቀ ዘፈን ላይ ድምፃዊውንና ከበሮውን ለይተው ያወጣሉ። የድሮ ቅጂ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ እሱን በምን ትሠራለህ?

ዝም ያልኩት፦ ማንም ያልነካውን ልንካ። ይሄ ኩቤዝ 5 ተገዝቷል? አገሩን የሞላው ክራክ (ሳይከፈል የሚያስከፍተው) ስለተገኘለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በሕጋዊ መንገድ የገዛው ሰው ፈቃዱን የያዘ ዩኤስቢ ቁልፍ ነበረው፤ የቁልፉን አገልግሎት ኩባንያው በ2025 ዘግቶታል። ሥራችን ተሰረቀ፣ ዘፈናችን ያለፈቃድ ተለቀቀ እያልን በየመድረኩ የምንጮህ ሰዎች በተሰረቀ ፕሮግራም ስንሠራ አያሳፍርም? ሪፐር የሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ለትንሽ ስቱዲዮ 60 ዶላር ነው። ኤፍ ኤል ስቱዲዮን አንዴ የገዛ አፕዴቱ ዕድሜ ልክ ነፃ ነው።

የገርጂው አቀናባሪ፦ ልክ ነህ፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ግን 60 ዶላሩን በየትኛው ካርድ ነው የምከፍለው?

ሚክስ ከሜሪላንድ፦ በእኔ ካርድ። ከሚቀጥለው ሥራ ላይ እቀንሰዋለሁ።

ኪቦርዲስቱ፦ እኔ ብሆን ብሩን ለክፍሉ አውለው ነበር። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን እየቀዳን ስለ ቨርዥን ስንከራከር ይገርመኛል።

የገርጂው አቀናባሪ፦ ባለቤቱ ይሄን ሁሉ እያነበበ ነው። ለሚክስና ለቅንብር አዲስ ኮምፒውተር ከሪፐር ጋር ይገዛ፣ አሮጌው ለቀረጻ ይቆይ ብዬዋለሁ። ገና አልመለሰልኝም።

ክራረኛዋ፦ ለቀረጻ የሚቆይ ከሆነ ማራገቢያውን አስጠግን። ባለፈው የቀዳኸኝ ክራር ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል።