ሆስፒታል ለተኛችው ልጄ ምክራችሁን እፈልጋለሁ

የ14 ዓመት ልጄ አኖሬክሲያ ነርቮሳ የተባለ፣ ውፍረትን እያስፈራ ምግብ የሚያስተው የአእምሮ ሕመም ይዟት ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታል ተኝታለች። የልብ ምቷ ቀን ላይ እንኳ በደቂቃ ከ50 በታች ወርዶ ነበር። አሁን ምግቡን በጥንቃቄ ይጨምሩላታል። ብዙ የተራበ ሰውነት ድንገት ሲመገብ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን ወርዶ ልብን ሊያውክ ስለሚችል ደሟን ይከታተላሉ።

ስትወጣ በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል በተጀመረው ዘዴ ትቀጥላለች። በዚህ ዘዴ ምንና ምን ያህል እንደምትበላ የምንወስነው እኛ ወላጆች ነን። ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። እኛ ቤት ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው፤ ድርሻዋን በምን ልለካ? "ጾም ነው" ስትለኝስ? የንስሐ አባታችን እንዳትጾም ነግረዋታል፤ እሷ ግን አልሰማ አለች። ዘመድ ደግሞ "ቅብጠት ነው" ይላል።

በዚህ ያለፋችሁ ወላጆች፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት ተወጣችኋቸው? አማርኛ የሚናገር የዘርፉ ባለሙያ የምታውቁም እባካችሁ ጠቁሙኝ።