ባርኮድ ይበቃኛል ወይስ አርኤፍአይዲ ልግዛ?

ሰላም ወገኖች። ጅማ ውስጥ ከወንድሜ ጋር የቡና መጋዘን አለን። ቡናው በ60 ኪሎ ጆንያ ነው የሚቀመጠው። የጎማ፣ የማናና የጌራ ወረዳዎች ቡና እንዳይቀላቀል እያንዳንዱ ጆንያ መለያ ያስፈልገዋል። ድሮ በማርከር ነበር የምንጽፈው። አምና ጽሑፉ ለቅቆ ሁለት ጭነት ተደባለቀብን። ገበሬው የለፋበት ቡና ከየት እንደመጣ ሲጠፋ በጣም ያማል።

ከዚያ ወደ ባርኮድ ገባን። ፕሪንተሩ ወረቀቱን በሙቀት እያጠቆረ የሚያትም፣ ቀለም የማይፈልግ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን መለያው ፀሐይ ሲያገኘው ደበዘዘ። ስካነሩም እምቢ አለ። ሪባን (ቀለም ያለበት ጥቅል) ያለው ፕሪንተር ሕትመቱ የበለጠ ይቆያል። ያንን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ!

አሁን ደግሞ አንድ ወዳጄ አርኤፍአይዲ የሚባለውን፣ ትንሽ ቺፕ ያለበትን መለያ ግዛ ይለኛል። ባርኮድን ስካነሩ በቀጥታ ማየት አለበት። አርኤፍአይዲ ግን በሬዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ ብዙ መለያ በአንዴ ያነባል። ልቤ ወደዚህ ያደላል። የሚያሰጋኝ ብረትና እርጥበት ነው፤ ሁለቱም ሞገዱን ያስቸግራሉ። የመጋዘናችን ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። የደረቀ ቡና እንኳ ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል።

ጆንያ ላይ አርኤፍአይዲ የሞከራችሁ አላችሁ? ክምሩ መሃል ያለውን በትክክል ያነብላችኋል? ወይስ በሪባን የታተመ ኪውአር ኮድ ይሻለኛል? እሱ በስልክ ካሜራም ይነበባል፣ ትንሽ ቢቀደድም ይሠራል። ቡናው መለቀም ሳይጀምር መወሰን አለብኝ። በእጃችሁ ሞክራችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ፣ በእናታችሁ።