ኤሲ ስከፍት የመኪናዬ ቮልት ይዋዥቃል፤ ዲናሞ ልቀይር?

የድሬው ሾፌር

ሰላም ለሁላችሁ። 2002 ሞዴል ቪትዝ አለኝ። የምሠራው ድሬዳዋ ነው፤ እዚህ ያለ ኤሲ ተሳፋሪ አይቀመጥልህም። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ኤሲ ስከፍት ቮልቱ አልረጋ አለ። ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የምትሰካ ትንሽ የቮልት ማሳያ አለችኝ። ኤሲው ተዘግቶ 13.9 ታሳያለች። ስከፍተው 13.0 ይገባል፤ ኮምፕሬሰሩ "ቀጭ" ባለ ቁጥር ደግሞ 12.6 ደርሶ ይመለሳል። ማታ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳልሰጥ፣ ሞተሩ እየሠራ) ስቆም የፊት መብራቱ አብሮ ፍዝዝ ይልና እንደገና ይደምቃል። ቤንዚን ስሰጠው ትንሽ ይሻለዋል።

ባትሪው ገና ስድስት ወሩ ነው። አንድ ጋራዥ ወስጄው "ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ አልቋል፣ ቀይር" አሉኝ። ቴስተር እንኳን አላወጡም። ኮፈኑን ከፍተው ድምፁን ሰሙ፣ በቃ። የዲናሞ ዋጋ ለእኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው አለ?

አቤል ኤሌክትሪሺያን

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለጊዜው ያዝ። መጀመሪያ ያቺን የቮልት ማሳያ አትመናት። ማቀጣጠያው ጋ የሚደርሰው በፊውዝና በቀጭን ገመድ ዞሮ ነው፤ መንገድ ላይ ይቀንሳል። ቴስተር ተዋስና ባትሪው ላይ ራሱ ለካ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 አካባቢ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ትጠብቃለህ።

ኤሲ ከባድ ጭነት ነው። የውስጡ ነፋሽ በመጨረሻው ፍጥነት ብቻውን ከ15 እስከ 20 አምፔር ሊበላ ይችላል። የራዲያተሩ ፋን ሌላ ከ10 በላይ ይጨምራል። የኮምፕሬሰሩ ክላች 3 ወይም 4 ነው። ዲናሞ ደግሞ በሚኒሞ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። ስለዚህ ትንሽ መውረዱ ያለ ነው። ባትሪው ላይ ለክተህ ከ13.5 በታች ከሆነ ግን ምክንያቱን መፈለግ አለብን።

አንድ ነገር አደራ። ዲናሞውን "ለመፈተን" ብሎ ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ የሚነቅል ሰው ካገኘህ አስቁመው። በዚያች ቅጽበት ቮልቱ ይዘልና ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ሰብለ ከአዳማ

እኔ ጋ ቺንጋው (የላስቲክ ቀበቶው) ነበር። ኤሲ ስከፍት ለአንድ ሁለት ሰከንድ "ጢጢጢ" ይል ነበር። በብዙ መኪና ዲናሞውንና ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፤ ከላላ ወይም ውስጡ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ይንሸራተታል። ሚኒሞውም ኤሲ ሲከፈት ይወርድ እንደሆን እይ። የእኔ መኪና ሊጠፋ እስኪደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ሲጸዳ ተስተካከለ።

ታዬ ዘአሰብ

ልጄ፣ በአሰብ መስመር ኤንትሬ የጭነት መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ። ዲናሞ ቢሆን እንኳ ሙሉውን አትቀይር። ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ካርቦኑ (ውስጡ እየተፋቀ የሚያልቀው ብሩሽ) ነው። ካርቦኑና ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ብቻ ተቀይሮ ዓመታት የሄደ ዲናሞ አይቻለሁ። የባትሪዋ መብራት ክሩስኮት (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ላይ ማታ ማታ በስሱ ትበራ እንደሆን ተመልከት፤ ካርቦን ሲያልቅ ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት።

የድሬው ሾፌር

ጋሽ ታዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መብራቷ አትበራም፤ ማታ ቆሜ አይቻለሁ። ሰብለ፣ ቺንጋው ደህና ነው፣ ድምፅም የለውም። ሚኒሞውም አይወርድም።

ከጎረቤቴ ቴስተር ተውሼ ለካሁ። ባትሪው ላይ ኤሲ ተዘግቶ 14.0፣ ኤሲ በርቶ 13.3 ነው። አሁንም ይዋዥቃል።

አቤል ኤሌክትሪሺያን

ጥሩ ሠርተሃል። ያቺ ማሳያህ 0.3 ትሰርቅህ ነበር ማለት ነው። አሁን ኤሲውን ከፍተህ፣ ነፋሹን መጨረሻ ላይ አድርገህ ሦስት ቦታ ለካልኝ።

አንደኛ፣ ዲናሞው ላይ ራሱ፤ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ቡሎንና የዲናሞው አካል። ሁለተኛ፣ ከዚያው ቡሎን እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ። ሦስተኛ፣ ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወደ ዜሮ መጠጋት አለባቸው። 0.2 ድረስ እሺ። ከዚያ ካለፈ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ታሟል። እጅህንና የቴስተሩን ሽቦ ከቺንጋውና ከፋኑ አርቅ፤ ፋኑ ሳታስበው ይነሳል።

ከሻርጃ

ይህን ለሌሎች አንባቢዎች ልጨምር። አንዳንድ መኪና ላይ ዲናሞውን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ሆንዳዎች ላይ ጭነት ሲያንስ ቮልቱን ሆን ብሎ ወደ 12.5 አካባቢ ያወርደዋል፤ ኤሲ ወይም መብራት ሲበራ ከ14 በላይ ይወጣል። ይህን አይተው ደህና ዲናሞ የቀየሩ ሰዎች እዚህ አጋጥመውኛል። የጠያቂው ግን ተቃራኒ ነው፣ ኤሲ ሲበራ ነው የሚወርደው።

የድሬው ሾፌር

ለካሁ። ዲናሞው ላይ ራሱ 14.1! በፖዘቲቭ በኩል 0.15። በኔጌቲቭ በኩል 0.68።

አቤል ኤሌክትሪሺያን

ዲናሞህ ጤነኛ ነው። የታመመው ማሳህ፣ ማለት የኔጌቲቩ መመለሻ ነው።

ኤሌክትሪኩ ከዲናሞው በፖዘቲቭ ይወጣል፣ ሥራውን ጨርሶ በማሳ በኩል ወደ ዲናሞው ይመለሳል። መመለሻው ከጠበበ ዲናሞው የፈለገውን ያህል ቢጎብዝ ባትሪው ጋ የሚደርሰው ያንሳል። ኤሲ ሲዘጋ የሚያልፈው አምፔር ትንሽ ስለሆነ አይታወቅህም። 30፣ 40 አምፔር ሲጫነው ነው የሚጋለጠው። ሞተሩን አጥፋ፣ ኔጌቲቩን ንቀልና ገመዱን እስከ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ድረስ ተከተለው።

የድሬው ሾፌር

ዛሬ ጠዋት ፈታሁት። ባትሪው ጋ ያለው ጫፍ ንጹሕ ነው፤ ለዚህ ነው ማንም ያልጠረጠረው። ካምቢዮው ላይ የታሰረው ጫፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ቡሎኑ ሥር አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። ላስቲኩን ትንሽ ስሰነጥቀው ውስጡ ያለው መዳብ ጠቁሯል፤ በጣቴ ጠምዘዝ ሳደርገው ክሮቹ እንደ ደረቅ ሣር ተሰበሩ። ከግማሽ በላዩ ተበጥሷል።

ወፍራም የብየዳ ገመድ ገዝቼ ሁለቱንም ጫፍ ባለሙያ አስጨምቄ አሠራሁ። የሚታሰርበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቅባት ቀባሁት። አሁን ኤሲ በርቶ በኔጌቲቭ በኩል 0.07፣ ባትሪው ላይ 13.8። ለገመዱና ለእጅ የከፈልኩት ከዲናሞው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። አቤል፣ እጅህን ይባርከው። ፋኑ ሲነሳ ግን አሁንም ቁጥሩ ለቅጽበት ዝቅ ይላል። ልስጋ?

አቤል ኤሌክትሪሺያን

አትስጋ። ፋን ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ አምፔር ይስባል፣ ከሰከንድ በታች ነው። መውረዱ ከቆየ ወይም ፋኑ እየከበደ የሚዞር ከመሰለህ ኩሽኔቱን (የሚሽከረከርበትን ቀለበት) ለባለሙያ አሳይ።

የድሬው ሾፌር

ማታ ከዚራ ሰፈር ተሳፋሪ ስጠብቅ ኤሲው፣ መብራቱ፣ ሬዲዮው ሁሉም በርቶ በሚኒሞ 13.6 ነበር። መብራቱ ንቅንቅ አላለም።