ሴንተር ፓንቼ ጫፉ ይደፈጠጣል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ቶርኖ (ብረት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ማሽን) መማር ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው። መምህራችን የየራሳችንን ሴንተር ፓንች (በመዶሻ እየመታን ብረት ላይ የሚበሳውን ቦታ ምልክት የምናደርግበት ሹል ብረት) ሠርተን እንድንመጣ አዘዘን። እኔ ከ12 ቁጥር ፌሮ ሠራሁ። ቆንጆ ሆኖ ወጣልኝ። ላሜራ ላይ ሦስቴ ብመታው ግን ጫፉ እንደ እንጉዳይ ተደፈጠጠ። አግዬ ውሃ ውስጥ ብከተውም ያው ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ 1
እጅሽ ምንም አላጠፋም፤ ብረቱ ነው። ፌሮ ካርበኑ ትንሽ ስለሆነ የፈለግሽውን ያህል ብታግዪው ለፓንች የሚበቃ ጥንካሬ አያገኝም። ምናለሽ ተራ ሂጂና የድሮ ሃይሉክስ ቶርሽን ባር (እንደ ስፕሪንግ መኪናውን የሚሸከም ዘንግ) ቁራጭ ፈልጊ። ግራይንደር አስነክተሽ ፍንጣሪውን እዪ። የፌሮው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ካርበን ያለው ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ ይፈነዳል።

መልስ 2
ልጨምርበት። ያንን ብረት እንዳለ ቶርኖ ላይ ብታስሪው መቁረጫሽን ይጨርስብሻል። መጀመሪያ ሙሉውን ከሰል ላይ እስኪቀላ አግዪና አመድ ውስጥ ቅበሪው። እዚያው ይደር፤ ጠዋት ለስልሶ ታገኚዋለሽ። ጫፉ 90 ዲግሪ እንዲወጣ መቁረጫው የሚታሰርባትን የላይኛዋን ትንሽ ተንሸራታች (ስላይድ) 45 ዲግሪ ላይ አዙሪ።

መልስ 3
ልጄ፣ ማጠንከሩ ላይ አትቸኩዪ። ከጫፉ ሁለት ሴንቲ ያህል ብቻ አግዪ። ማግኔት መሳቡን ሲተው ትንሽ ጨምሪና ዘይት ውስጥ ክተቺው። በውሃ እንዲህ ያለው ብረት ይሰነጠቃል። ሊማ ከተንሸራተተበት ጠንክሯል።
እንዲያው ከመታሽበት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በብርጭቆ ወረቀት አብሪውና እሳቱን ከጫፉ ራቅ አድርገሽ ስጪው። ቀለሙ ወደ ጫፉ ሲሄድ በዓይንሽ ታዪዋለሽ፦ መጀመሪያ ገለባ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ጫፉ ጠቆር ያለ ገለባ ሲመስል ወዲያው ዘይት ውስጥ። ሰማያዊ ከሆነ አልፎሻል፤ እንደገና አጠንክሪው።
በመዶሻ የሚመታውን የፓንቹን አናት ግን በፍጹም እንዳታጠነክሪ! ስንጣሪው ዓይን ያጠፋል። መነጽርሽን ሳታደርጊ አትጀምሪ።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብረቱን አግኝቻለሁ፤ ዛሬ አመድ ውስጥ ያድራል። ያገለገለ የሞተር ዘይት ይሆናል?

መልስ 3
የምግብ ዘይት ይሻልሻል፤ የሞተሩ ጭስ መጥፎ ነው። ጠለቅ ባለ የብረት ጣሳ አድርጊው፤ ፕላስቲክ እንዳይሆን። ዘይቱ ሊነድ ስለሚችል የብረት ክዳን አጠገብሽ ይኑር። ደጅ ላይ ሥሪው።