«ጠማት»፣ «ታነቀች» ወይስ «ትን አላት»?

ጠያቂ፣ ከሐይቅ፦
ወገን፣ አንድ አነጋገር ግራ ገብቶኛል። አጎቴ ሽንኩርት የሚያጠጣባት ትንሽ የቤንዚን ሞተር አለችው። ትነሳና ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ስትል ቆይታ ቀጥ ትላለች። አጎቴ «ታንቃለች» አለ። ኮምቦልቻ ያለው መካኒክ ግን ገና ድምጿን ሲሰማ «አልታነቀችም፣ ጠምቷታል» ብሎ ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበትን ካርቡራተር መፍታት ጀመረ። ታንኩ እኮ ሙሉ ነው! እናንተስ ጋ እንዲህ ይባላል?

ከደሴ፦
አብሽር፣ ይባላል። መካኒኩም ልክ ነው። ታንኩ ቢሞላ ቤንዚኑ የሚያልፈው ካርቡራተሩ ውስጥ ባለችው ነዳጅ ማሳለፊያ፣ በጄቷ ቀዳዳ ነው፣ እሷ ደግሞ ከመርፌ ቀዳዳ ብታንስ ነው። ቤንዚን ካርቡራተሩ ውስጥ ለወራት ከተቀመጠ ይተንና ሙጫ ነገር ይተዋል፣ ያ ይደፍናታል። ከፍ ዝቅ የምትለው ነዳጅ ሲያንሳት ፍጥነቷ ስለሚወርድና ፍጥነት የሚቆጣጠረው ክፍል ወዲያው ስለሚከፍትላት ነው፤ ትንሽ ስታገኝ ትጮሃለች፣ መልሶ ይዘጋባታል፣ እንደገና ትወርዳለች። ለማረጋገጥ ቾኩን፣ የአየር መዝጊያውን፣ ግማሽ ሳበው። አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑ በኃይል ይሳባል። ያኔ ተረጋግታ ከሠራች ጠምቷታል፣ አለቀ።

ከወልዲያ፦
እኔ ደግሞ «ታነቀች»ን አቧራ ለደፈነው የአየር ማጣሪያ ብቻ ነው የምለው። ቤንዚን በዝቶባት እንቢ ካለች «ትን አላት» ነው። ሰው ውሃ ትን ይለዋል እንጂ መቼ ያንቀዋል? ካንዴላውን፣ እሳት የሚጭርላትን፣ ስትፈታው ረጥቦ፣ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ጣጣው ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ላይ ከሚንሳፈፈው ክፍል በላይ ያለችው፣ ቤንዚኑ ሲሞላ የምትዘጋው መርፌ ናት። ጫፏ ላይ ቅንጣት ቆሻሻ ካረፈ ወይም ጫፏ ከተበላ አትዘጋም፣ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። እዚህ ጋ ጄት ስትጠርግ ብትውል ጠብ የሚል ነገር የለም።

ከደሴ፦
«ትን»ን ወድጄዋለሁ፣ ግን ለአፍታ ነው የሚሠራው። ትን ያለው ሰው ስሎ ይተወዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ ያመጣሃት ሞተር ግን ቀኑን ሙሉ ጥቁር ጭስ ልትለቅብህ ትችላለች። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500 ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ግን ለታች እንደተለካው መምጣቱን አይተውም። ይቺን «ጠግባለች» እንላታለን፣ ካንዴላዋም ረጥቦ ሳይሆን ደረቅ ጥላሸት ለብሶ ነው የሚወጣው።

ጠያቂ፣ ከሐይቅ፦
ኧረ ተባረኩ! የኛይቱስ ጠምቷት ነበር። ሰውየው ጄቷን ወደ ብርሃን አንስቶ በአንድ ዓይኑ አያት፣ ምንም አይታይም። ሽቦ ላቀብለው ስል ተቆጣ፣ ነሐስ ስለሆነች ቀዳዳዋ ይሰፋል አለ። ቤንዚን ውስጥ ነክሮ በኮምፕሬሰር ነፋት፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ማሸጊያውን፣ ቀየረ፣ አሁን ትሠራለች። አጎቴ ግን «ታንቃ ነበር» ማለቱን አልተወም፣ እኔም አልተከራከርኩትም። በነገራችን ላይ መጨረሻ ላይ «ሚኒሞዋን ላስተካክል» ያለው ምኑን ነው?

ከወልዲያ፦
ነዳጅ ሳትጨምርላት ዝም ብላ ስትሠራ ያላትን ፍጥነት ነው። ቃሉ የጣሊያን ነው፣ ትንሹ፣ ዝቅተኛው ማለት። ካንዴላም ከነሱ የመጣ ነው፣ በነሱ አፍ ሻማ ነው።