የበርበሬው ዘር አልበቅል አለኝ

ያለሁት ጅማ ነው። ከጎረቤቶቼ ጋር ዘር ተለዋወጥን፤ የሀበሻ ጎመን ሰጥቼ የዱባና የበርበሬ ዘር ወሰድኩ። ዱባው ደህና ነው። በርበሬውን ግን የመጋቢት ዝናብ ሳይመጣ ልፈትሽ ብዬ 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ብጠቀልል፣ በ14 ቀን የበቀለው 3 ብቻ! ሌላ 20 ፍሬ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ አሳደርኩና ሞከርኩ፤ 4 በቀለ።

ዘሩ የአምና ነው። የሰጡኝ እማማ በፌስታል ቋጥረው ምድጃ አጠገብ ነበር ያስቀመጡት (የጅማን እርጥበት ሽሽት መሆኑ ነው)። ቡና አብረን የምንጠጣ ሰዎች ነን፣ ምን ብዬ ልውቀሳቸው? ዝርያው ሰፈር ውስጥ ሌላ ሰው ጋ ስለሌለ መጣል አልፈልግም። የቀረኝ አንድ ስኒ ያህል ነው፤ የችግኝ መደቡም ተዘጋጅቷል። ዘሩን አብዝቼ መደቡ ላይ ልዝራው ወይስ በጨርቅ አብቅዬ የበቀለውን ብቻ ላዛውር?