ለዩኒቨርሲቲው የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የአዳማ ታሪክ ከየት ይጀመር?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው እሑድ በተስማማነው መሠረት ለአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምናቀርበውን የጥናት ሐሳብ አርቅቄአለሁ። ርእሱ «የአዳማ ከተማ ታሪክና ማኅበረሰብ፣ ከምሥረታዋ እስከ ዛሬ» ነው። የከተማዋ አመሠራረት፣ የነዋሪው አኗኗርና የስሟ ነገር በሦስት ክፍል ተቀምጠዋል። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን ጻፉልኝ፤ ዝምታችሁን እንደ ስምምነት እቆጥረዋለሁ።

ከምድር ባቡር በጡረታ የተሰናበቱ አባል፦
ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ግን «ከምሥረታዋ እስከ ዛሬ» የሚለውን ሳነብ ደከመኝ። እንዲህ ያለ ርእስ የተሰጠው ተማሪ ሃያ ገጽ መግቢያ ጽፎ ይመረቃል፤ እኛም እንደነበርን እንቀራለን። ከሐዲዱ ጀምሩ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ከተማችንም ያደገችው ጣቢያውን ተደግፋ ነው። እኔ ሥራ ስገባ ቅጹ፣ የጉዞ መዝገቡ፣ የቅጣት ደብዳቤው ሳይቀር በፈረንሳይኛ ነበር። አለቃው በፈረንሳይኛ ይቆጣል፣ እኛ በአማርኛና በኦሮምኛ እናጉረመርማለን። ያንን ቅጽ አንብቦ «ይህ የፍሬን ብልሽት ነው፣ ይህ የጭነት ጉድለት ነው» የሚል ሰው ዛሬ በጣት ይቆጠራል። ባለፈው ክረምት ብቻ ሁለት ባልንጀሮቼን ቀብሬአለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ የሐዲዱም ስፋት የተለየ ነው፤ ስለ አሮጌው ማንም አይጠይቀንም።

መምህርት የሆነች አባል፦
ጋሼ እውነታቸውን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ነው፤ «ታሪክ የእኛ ሥራ አይደለም» ቢሉንስ? አሰብኩበትና ነገሩን ገለበጥኩት። የዚህች ከተማ ታሪክ እኮ የቴክኖሎጂ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ከባቡሩ ቀጥሎ በ1954 ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1960 ቆቃ ላይ አዋሽ ተገድቦ ወደ 43 ሜጋ ዋት ኃይል መጣ። አሁን ደግሞ ከከተማው አጠገብ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች አሉ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ነው የተወለደው። ስለዚህ እንደ ለማኝ ደጅ አንጥና፤ «የሙያችሁን ታሪክ የኖሩት ሰዎች እኛ ነን» ብለን እንግባ።

ወንጂ ተወልዶ ያደገ አባል፦
እኅቴ፣ ወንጂን ካነሣሽ በስኳሩ ብቻ አትለፊው። እኛ የካምፕ ልጆች የትም ብንሄድ በጥርሳችን እንታወቃለን። አባቶቻችን ከከምባታ፣ ከሐድያና ከሌላም አገር ሸንኮራ ሊቆርጡ መጥተው የጉድጓድ ውሃ ጠጡ፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ደግሞ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የእኛ ጉድጓዶች ከዚያ እጅግ ያልፉ ነበር። ጥርስ ይበልዛል፣ ዓመታት ሲቆጠሩ አጥንት ይደርቃል፣ አንገት አልዞር ይላል። ሐኪሞች ጥርሳችንንም አጥንታችንንም መርምረው ብዙ ጽፈዋል። እኔ ግን እንዲጻፍ የምፈልገው እኅቴ ፎቶ ስትነሣ አፏን በነጠላ ትሸፍን እንደነበር ነው። ውሃ የሚያጠና መሐንዲስና እንዲህ ያለውን የሚጠይቅ ሰው አብረው ይምጡ።

የእድራችን ገንዘብ ያዥ፦
ሁላችሁም ወረቀት ከየት ይገኛል እያላችሁ ነው፤ የእድሩን ሣጥን የከፈተ ግን የለም። መዝገባችን ማን መቼ እንደ ገባ፣ ሥራው ምን እንደነበር፣ ከየት አገር እንደመጣ፣ ለቀብሩ ስንት እንደወጣ ይናገራል። መዋጮ ያቋረጡት ስሞች በአንድ ጊዜ ሲበዙ ያ ዓመት ምን ዓመት እንደነበር ትረዳላችሁ። ነገር ግን ከዓመታት በፊት አንድ አጥኚ የድሮ ፎቶግራፎቻችንን «በሳምንት እመልሳለሁ» ብሎ ወስዶ እስከ ዛሬ አልመለሰም። ስለዚህ መዝገቡ ከእድር ቤቱ አይወጣም። እዚያው፣ ሁለታችን ተቀምጠን እያየን ፎቶ ይነሣ። የሟች ስም ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ አይታተም። ቅጂውም ለእኛ ይሰጠን። ይህ ካልተጻፈ ፊርማዬን አትጠብቁ።

መምህርቷ፦
እትዬ፣ ያሉት በሙሉ ይግባ። ቃለ መጠይቁም ተናጋሪው በሚቀናው ቋንቋ ይሁን፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ አያትን በአማርኛ ማስጨነቅ ምን ይባላል?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተሸነፍኩ፤ ረቂቄን ቀድጃለሁ። በስሙ ላይ በውስጥ የጻፋችሁልኝ ስለበዛ አንድ ነገር ልበል። አዳማ የሚለው ከኦሮምኛው «አዳሚ» ከቁልቋሉ ጋር እንደሚያያዝ፣ ናዝሬት በንጉሡ ዘመን እንደመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የቀድሞው ስም በይፋ እንደተመለሰ ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ ዛሬም «ናዝሬት» ነው የምትል፤ አላርማትም። ተናጋሪው በጠራበት ስም ይጻፍ፤ ርእሱ ላይ አዳማ ይሁን። ሦስተኛውን ክፍል ሰርዤዋለሁ።

አዲሱ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ሐዲድ፣ ሸንኮራና ውሃ፦ አዳማና ወንጂ በነዋሪዎቻቸው አንደበት። ማኅበራችን ጡረታ የወጡ የባቡርና የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞችን ያገናኛል፤ የእድር መዝገቦችን በቦታቸው ፎቶ ያስነሣል። ዩኒቨርሲቲው አጥኚዎችን፣ መቅረጫ መሣሪያና የውሃ ምርመራ ያቀርባል። የቃለ መጠይቁ ቅጂ በአማርኛና በኦሮምኛ ለማኅበሩ ይመለሳል።» በዕድሜ የገፉት ይቅደሙ የሚለውንም ጨምሬአለሁ፤ ጋሼ፣ የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት።

ጡረተኛው አባል፦
እኔ እቆያለሁ። ከእኔ በፊት ሐዲድ ጠጋኝ የነበረውን ጎረቤቴን ውሰዱ፤ ጆሮው ስለደከመ ጮክ የሚል ጠያቂ ይምጣ።

ገንዘብ ያዧ፦
የሣጥኑ ሁለተኛ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው? ቅዳሜ ሳይሆን ዛሬ ይፈለግ።